ስለ ነስርና ስለ ራጅ

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከማንም ቤት የራቀ አይደለም። ልጁ ከጨዋታ ሲመለስ ነስሮት ሸሚዙ በደም ተበክሎ ያላየ ወላጅ ጥቂት ነው። በየመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ በማዘጋጀት ላይ ሳለ አንዲት የደም ጠብታ በወረቀቱ ላይ ወድቃበት የደነገጠ ሠራተኛ አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ዘንድ በቀረበ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «ራጅ ልነሣ» የሚል ነው። ሐኪሙ ግን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በመብራት አፍንጫውን ተመልክቶ፣ መድኃኒት የነካ ጥጥ አግብቶ «ራጅ አያስፈልግዎትም» ብሎ ያሰናበተው እንደ ሆነ፣ በሽተኛው ቅር እያለው ይወጣል። መሣሪያው እያለ በዓይንና በእጅ ብቻ መታየቱን እንደ መናቅ ይቈጥረዋልና።

በሌላው ወገን ደግሞ ውስጡ በሥዕል ሳይታይ ቢላዋ ሊነካው የማይገባ፣ ቢነካው ግን በዚያው ሰዓት ደሙ ፈስሶ ሊሞት የሚችል ሰው አለ። እርሱም የመጣው በዚያው በነስር ምክንያት ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ወረፋ ላይ ተቀምጠው ቢታዩ ማንም አይለያቸውም። ሕክምና እነዚህን ለመለየት የቻለበትን መንገድ ለመረዳት ከራጅ መገኘት መጀመር ይሻላል።

ራጅ የተገኘው እኛ ኢትዮጵያውያን በማንረሳው ዓመት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ ባለው ቤተ ሙከራው ያን ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። የጨረሩ ምንነት ስላልታወቀው ያልታወቀ ነገር በሚጠራበት ፊደል «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። ከዚህ ቀን አንሥቶ የዓድዋ ጦርነት እስከ ተደረገበት እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ አራት ወር አይሞላም። ድል ሆነው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች ሁለቱ በክንዳቸው ውስጥ ጥይት ቀርቶባቸው ነበርና፣ ከጦርነቱ በኋላ ጥቂት ወራት እንዳለፉ በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም ጥይቱ ያለበትን ስፍራ በአዲሱ ጨረር ፈልጎ አገኘው። ራጅ በጦርነት የቈሰለን ሰው ለመርዳት ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ በሕክምና ታሪክ ተጽፏል። እንግዲህ የዓድዋ ጥይት ከተራራው ወርዶ በባሕር ማዶ ለአዲሱ ጥበብ የመጀመሪያውን የጦር ሜዳ ሥራ ሰጠው ማለት ነው። ዛሬ «ራጅ» የምንለው ቃልም ቢሆን «ጨረሮች» ከሚለው ከኢጣልያንኛው «ራጂ» የመጣ ነው። ጠላት ሆኖ የመጣ ሕዝብ ጥሎት ከሄደው ነገር ይህን ቃል ያለ ቅሬታ ተቀብለን እንጠቀምበታለን።

ይሁን እንጂ ጥይት ሌላ ነው፤ የሚደማ የደም ሥር ሌላ ነው። ጥይትና አጥንት ጨረሩን ስለሚያግዱት በፎቶግራፉ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ቀጭን የደም ሥር ግን እንደ ዙሪያው ሥጋ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ በሥዕሉ ላይ ከቶ አይለይም። ጥይቱን በጥቂት ወራት ያገኘው ራጅ የሚነስርን የደም ሥር ለማሳየት ብዙ ዐሥርተ ዓመታት የፈጀበት በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞም አብዛኛው ነስር ራጅን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ጣት በሚደርስበት ስፍራ፣ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተገናኝተው እንደ መረብ የተጠላለፉበት ቦታ አለ። ይህን ስፍራ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ሊትል በ1879፣ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኪስልባኽ ደግሞ በ1884 ገልጸው ጽፈዋል (ከዚህ በታች የውጭ አገር ሰዎችን ሥራ ስንጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል)። ከ100 ነስር ወደ 90 የሚጠጋው ከዚህ ስፍራ የሚነሣ ነው። ደረቅ አየር፣ ጉንፋን፣ የልጅ ጣት፣ ትንሽ ምት ይበቃዋል። ሐኪሙ በግንባሩ ላይ ባሰረው መስተዋት ብርሃን አስገብቶ በዓይኑ የሚያየውን ነገር በፎቶግራፍ መፈለግ፣ በእጅ የያዙትን ቍልፍ በፋኖስ እንደ መፈለግ ይቈጠራል።

በብራና የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍታችን ለነስር የታዘዘ መድኃኒት አላቸው፤ በየቤቱም የነሰረውን ሰው ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ በግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የቆየ ልማድ ነው። ውሃው አይጎዳም። ራስን ወደ ኋላ ማዘንበል ግን ደሙ በጉሮሮ ወርዶ ወደ ሆድ እንዲገባ ያደርጋል፤ በሽተኛው ኋላ ያንን ደም ሲያስመልስ ቤተ ሰቡ ከፊተኛው ይልቅ ይደነግጣል፤ ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰም ማወቅ አይቻልም። የሚገባው ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ወደ ፊት ጐንበስ ማለት፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ጨብጦ ሳይለቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቈየት፣ ወደ አፍ የመጣውንም መትፋት ነው። ብዙ ሰው «ቆመ ይሆን?» እያለ በየደቂቃው እየለቀቀ ስለሚያይ ብቻ ደሙ አልቆም ይለዋል።

ከዚህ በተለየ በገጠራችን የሚታወቅ፣ የከተማ ሰው ግን የሚረሳው አንድ የነስር ምክንያት አለ፤ ይኸውም አልቅት ነው። ከወንዝ ወይም ካልተከደነ ምንጭ ጐንበስ ብሎ በአፉ የሚጠጣ እረኛ ትንሿን አልቅት ከውሃው ጋር ይውጣታል፤ እርስዋም በአፍንጫው ውስጥ ወይም በጉሮሮው ላይ ተጣብቃ ደም እየጠጣች ትፋፋለች። መንጋጋዋ ደካማ ስለ ሆነ የውጭ ቆዳን መብሳት አይሆንላትም፤ የምትፈልገው እርጥቡን የውስጥ ቆዳ ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት በ1799 ከግብፅ ተነሥቶ በሲና በረሓ ሲያልፍ ወታደሮቹ ከኩሬ እየጠጡ በዚሁ እንደ ተሠቃዩ ዋናው ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ ጽፎታል። እንዲህ ያለው ልጅ ደሙ ቀስ በቀስ እያለቀ፣ ፊቱ እየገረጣ፣ ለሳምንታት ሊነስረው ይችላል። ራጅ ቢነሣ አልቅቷ ሥጋ ናትና በሥዕሉ ላይ አትታይም። «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከየት ውሃ እንደሚጠጣ የጠየቀና በመብራት ጉሮሮውን ያየ የጤና ሠራተኛ ግን በመቈንጠጫ ያወጣታል።

ትኩሳትም አለ። በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት በአገራችን ብዙ ሕዝብ የጎዳ በሽታ ነው፤ ከምልክቶቹም አንዱ ነስር ነው። ካላዛርም እንደዚሁ ያስነስራል። እነዚህን የሚያሳየው ራጅ ሳይሆን በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ወይም የሌላ የሰውነት ክፍል ናሙና ነው። የአገርሺ ትኩሳትን ተሕዋስ በርሊን ውስጥ ኦቶ ኦበርማየር በ1868 ያየው ሮንትገን ጨረሩን ከማግኘቱ ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ዕድሜያችሁ ከ50 ያለፈ አንባቢዎችም ነስር በደረሰባችሁ ጊዜ ከሥዕል በፊት የደም ግፊታችሁ መለካት፣ የምትወስዱትም መድኃኒት፣ ይልቁንም ደምን የሚያቀጥን እንደ ሆነ፣ ለሐኪሙ መነገር ይኖርበታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ነስር ከኋላ በኩል የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጥጥ ብቻ በቶሎ አይታዘዝም።

እስካሁን የሥዕልን ነገር አሳንሰን የተናገርን ይመስላል። አሁን ግን ፈጽሞ የማይናቅበትን እንመልከት። ለዚህም ከከተማ ራቅ ብለን ወደ ደቡብ እንሂድ፤ ሥዕል የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው ሰው ልዩነት ይበልጥ የሚከብደው መሣሪያው በሌለበት ስፍራ ነውና።

በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ በኩል፣ ቡናዋ ስሟን በዓለም ያስጠራላት ወርቃ አለች። ቡናዋ የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አብረው የሚያድጉበት ይህ የጌዴኦ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከእናንተም መካከል ለሥራ ወደዚያ ተልካችሁ የነበራችሁ አካባቢውን ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በወርቃ የሚኖር አንድ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ በሐሳባችሁ አስቡ። ላለፉት ጥቂት ወራት ያለ ምት፣ ያለ ጉንፋን፣ ሁልጊዜ በቀኝ አፍንጫው በኩል ብቻ ይነስረዋል። ያው ቀኝ አፍንጫው እየተደፈነ ሄዶ አሁን አየር አያሳልፍም። ማታ ያንኮራፋል። በትምህርት ቤት «ጎበዝ ነበር፣ አሁን ደከመ» ይባላል። አባቱ ቡናውን ሸጦ የሚኖር ገበሬ ነውና ልጁን ከማሳከም በፊት የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ሂሳብ ያስባል።

ይህ ልጅ አንጂዮፋይብሮማ የሚባል ዕጢ ይዞት ሊሆን ይችላል። ዕጢው የሚይዘው ከጥቂቱ በቀር ወደ ጉርምስና የደረሱ ወንዶች ልጆችን ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዘራም። ነገር ግን ከአፍንጫ ኋላ ተነሥቶ አጥንቱን እየገፋ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ዓይን ጕድጓድ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ አንጎል አጠገብ ይዘልቃል። የሚያስፈራው ግን የተሠራበት ነገር ነው፤ መላው አካሉ የደም ሥር ነው፤ የእነዚያም የደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ጤነኛው የደም ሥር የሚኰማተር ጡንቻ የለውም። ጤነኛ የደም ሥር ሲቈረጥ ራሱን ጨምድዶ ደሙን ለማቆም ይሞክራል፤ ይህ ግን ተከፍቶ እንደ ተተወ ቧንቧ ይፈስሳል። ስለዚህ ሌላ ዕጢ ሲገኝ የተለመደውን፣ ማለትም ከዕጢው ቁራሽ ወስዶ መመርመርን፣ እዚህ ላይ ማድረግ ልጁን በሐኪሙ እጅ ላይ ሊገድለው ይችላል። እዚህ ቦታ ላይ ሥዕል የቢላዋን ሥራ ይሠራል፤ ሳይቈርጥ ይመረምራል።

ተራው ራጅ እንኳ በዚህ ነገር ከንቱ አልነበረም። ሆልማንና ሚለር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1965 እንደ ገለጹት፣ ራሱን ከጐን በኩል ራጅ ያነሡት እንደ ሆነ ዕጢው ከኋላ እየገፋ የጉንጩን ባዶ አጥንት የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት እንደ ቀስት ያጐብጠዋል። ዕጢው ራሱ አይታይም፤ አጥንቱ ግን እንደ ምስክር ሆኖ የተገፋበትን ያሳያል። ሲቲ ስካን በሌለበት ዘመን ብዙ ልጆች በዚህች በጐበጠች መስመር ተለይተዋል።

ሲቲ ስካን ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ከመገመት ወደ ማየት ተሻግሯል። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከአፍሪካ የሚነሣ በመሆኑ ጥቂት ብንቆይበት አያስቈጭም። በጆሃንስበርግ የተወለደው አለን ኮርማክ በ1956 በኬፕ ታውን ግሮት ስኩር ሆስፒታል የጨረር ሕክምናን የሚቆጣጠር የፊዚክስ ባለሙያ ሆኖ በትርፍ ሰዓቱ ሲሠራ፣ ጨረር በልዩ ልዩ አቅጣጫ ቢላክና ያለፈው መጠን ቢለካ የሰውነትን ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ በሂሳብ ማግኘት ይቻላል ብሎ አሰበ። ሂሳቡን በ1963 እና በ1964 አሳተመ፤ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የሙዚቃ ሸክላ በማሳተም በሚታወቅ ኢ.ኤም.አይ. በተባለ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የኮርማክን ጽሑፍ ሳያውቅ መሣሪያውን ሠራ። በመጀመሪያው ሙከራ አንዱን ነገር ለማንሣት ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን የመጀመሪያዋ በሽተኛ ታየች፤ በ1979 ሁለቱ ሰዎች የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ ለጨረሩ ጥላ የሚሆን ቀለም በክንድ ሥር ከገባ በኋላ በዚህ መሣሪያ የታየው ልጅ ዕጢው ከየት እንደ ተነሣ፣ እስከ የት እንደ ደረሰ፣ የአንጎልን አጥንት መንካት አለመንካቱ በየቁራጩ ይታያል። ለስላሳውን ሥጋ ይበልጥ ለመለየት ኤም.አር.አይ. ይጨመራል።

የደም ሥርን ብቻ ለይቶ የማሳየት ጥበብ ግን የቀደመ ነው፤ የተጀመረውም በሬሳ ላይ ነው። የሮንትገን ግኝት በተሰማ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በጥር 1896፣ በቪየና ሃሼክና ሊንደንታል የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሬሳ በተቈረጠ እጅ የደም ሥሮች ውስጥ ጨረርን የሚያግድ ድብልቅ አፍስሰው ፎቶግራፍ አነሡት። የደም ሥሩ ዛፍ ይመስል ነበር። ድብልቁ ግን ሕያው ሰውን የሚገድል ስለ ሆነ ሥራው ብዙ ዘመን ጠበቀ። በ1927 ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በሕያው ሰው አንገት የደም ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ሰጥቶ የአንጎልን የደም ሥሮች አሳየ። (ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሳይሆን የአንጎልን ሥር በመቊረጥ የአእምሮ በሽተኞችን አክማለሁ ባለበት፣ ኋላ ብዙ ጉዳት ማድረሱ በታወቀ ሥራው ነው። ለሽልማቱ የተሻለው ይኸኛው ነበር ብንል እንደፍራለን?) በ1953 ስዊድናዊው ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በደም ሥር ውስጥ ማሳለፍን አስተማረ፤ በ1974 ደግሞ በዚሁ መንገድ የአፍንጫን የደም ሥር ከውስጥ መድፈንና በሌላ መንገድ ያልቆመን ነስር ማቆም እንደሚቻል ሶኮሎፍና ባልደረቦቹ አሳዩ። አንጂዮፋይብሮማ ያለበት ልጅ ቀዶ ከመደረጉ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ወደ ዕጢው የሚገባው የደም ሥር በዚህ ጥበብ ሲደፈንለት በቀዶው ጊዜ የሚፈሰው ደም እጅግ ይቀንሳል። አደጋ የሌለበት ግን አይደለም። የፊትና የአንጎል የደም ሥሮች በውስጥ መንገድ ስለሚገናኙ የመድፈኛው ፍሬ በተሳሳተ ሥር ቢሄድ ዓይንን ሊያሳውር፣ ሰውነትንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ በሥዕል እየተመራ፣ በሠለጠነ ሰው ብቻ የሚሠራ ነው።

ሥዕል የሚያስፈልጋቸው ሌሎችም አሉ። በሞተር ብስክሌት ወድቆ ራሱን የተመታ ወጣት፣ ቁስሉ ድኖ ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ፣ በሳምንታት ውስጥ በድንገት እንደ ጎርፍ የሚወርድ ነስር ቢመጣበት፣ ከአፍንጫ ኋላ ባለው አጥንት አጠገብ የሚያልፈው ትልቁ የአንገት የደም ሥር ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና የደም ሥሩ በአስቸኳይ በሥዕል መታየት አለበት። ጐልማሳ ሆኖ ደም የቀላቀለ ንፍጥ የሚወጣው፣ አንድ ጆሮው የተደፈነበት፣ በአንገቱም ላይ የማያመው እብጠት የወጣበት ሰው ደግሞ ከአፍንጫ ኋላ ካንሰር እንዳለበት መጠርጠር ይገባል። ለብዙ ዘመን የጨረር ሕክምና በአገራችን የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ ይህን የመሰለ በሽተኛ ከሩቅ አገር መጥቶ ለወራት ወረፋ መጠበቁ የታወቀ ነው።

ሥዕል በማይገባው ሰዓት ሲነሣ ያሳስታል። ደሙ ገና በሚፈስበት ጊዜ፣ አፍንጫውም በጥጥና በፋሻ በተወተፈበት ጊዜ የተነሣ ሲቲ ስካን የረጋ ደምን ዕጢ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። የጉንጭ አጥንት ባዶ ክፍል በደም ተሞልቶ ሲታይ ያየው ሁሉ ይደነግጣል። ስለዚህ ደሙ ሳይቆም «ሥዕሉን ቶሎ» ብሎ ሐኪምን ማስጨነቅ ሁልጊዜ ጥቅም አይሰጥም፤ መጀመሪያ ደሙ ይቆማል። የአንገት በላይ ሐኪሙም ከሥዕል በፊት በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ያያል፤ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1959 ያሰበው የመስተዋት ዘንግ ያን ቱቦ ብሩህ አድርጎታልና።

የወርቃው ልጅ መንገድ በይርጋ ጨፌ አልፎ ወደ ዲላ፣ ካስፈለገም ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም ዲላን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ አበባ ነው። ቀድሞ ዲላ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በነበረች ጊዜ የዚያ አካባቢ በሽተኛ የኖርዌይ ሚሲዮን ያገለግልበት ወደ ነበረው የይርጋለም ሆስፒታል ይሄድ ነበር። ዛሬ ዲላ የራስዋ ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታል አላት፤ መንገዱም አጥሯል።

እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ሰዎች በትክክል ያልተጻፈ መሸኛ ደብዳቤ ባለ ጉዳዩን እንዴት እንደሚያንከራትት ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። በወርቃ የሚገኘው የጤና ሠራተኛ በልጁ መሸኛ ወረቀት ላይ «ነስር» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ ልጁ በየደረሰበት እንደ ማንኛውም የነሰረው ልጅ ጥጥ ተሰጥቶት ይመለሳል፤ አባቱም ሁለተኛ ጊዜ የመሄጃ ገንዘብ አይኖረውም። ነገር ግን በዚያች ወረቀት ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ፦ ወንድ፣ ዕድሜ 14፤ ነስሩ በቀኝ በኩል ብቻ፤ ከተጀመረ አራት ወር፤ ቀኝ አፍንጫ ተደፍኗል፤ ምት አልደረሰበትም፤ አልቅት ተፈልጎ አልተገኘም፤ ጥጥ የገባበት ቀን ይህ ነው፤ ከውስጡ ቁራሽ ሥጋ አልተወሰደም፤ ከሥዕል በፊትም እንዳይወሰድ። በሩቅ ከተማ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥዕሉን የሚመለከተው ሐኪም ልጁን አይቶት አያውቅም፤ ከፊልሙ ቀድሞ በእጁ የምትገባው ያች ወረቀት ናት።